መስቀል ያለበት ጀሪካን

ሣር እጠላለሁ። ከብት የሚበላውን አይደለም፤ ለበዓል ቤት የሚጎዘጎዘውንም አይደለም። ሰው እንዳይረግጠው ገመድ የሚታጠርለትን፣ ከኛ ቤተሰብ የበለጠ ውሃ የሚጠጣውን ሣር ነው። በኛ ሰፈር ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ለሣሩ ጠዋትና ማታ ይከፈትለታል።

ወንድሜ ይህን ሣር ሰባት ዓመት አጨደ። ከዚያ ታመመ። ከዚያ እኔ ተተካሁ። ከዚያ… እሱን ቆይቼ እጽፈዋለሁ።

ግቢው ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃት ይከራያል። ከቦሌ መድኃኔዓለም በኩል ፎቶ አንሺዎች ሙሽሮቻቸውን ጭነው ይመጣሉ። ሙሽራው ሣሩ ላይ ይንበረከካል። ሙሽራዋ እንደ ደነገጠች ሆና አፏን በእጇ ትይዛለች። ፎቶ አንሺው "አልደነገጥሽም፣ እንደገና" ይላታል። እንደገና ትደነግጣለች። ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። ከልቧ የደነገጠች ግን አንድም አላየሁም።

ማሽኑ ሰው ተቀምጦበት እንደ መኪና የሚነዳ፣ በባትሪ የሚሠራ የሣር ማጨጃ ነው። መሪ አለው፣ ወንበር አለው፣ ከሆዱ ሥር ሁለት የሚሽከረከሩ ስለቶች አሉት። ድሮ ግቢውን ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ፈረንጆች ሲሄዱ ትተውት ሄዱ። ለምን እንደተዉት የገባኝ እኔ ራሴ ስነዳው ነው። የግቢው ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ ጭስ የለውም፣ ጩኸት የለውም እያሉ ለእንግዳ ያሳዩታል። እውነት ነው፣ የለውም። ፍጥነትም የለውም። የደከመ በግ ይቀድመዋል። ሳጭድ ሠርገኛው አጥሩ ጋ ቆሞ "ሹፌር! መገናኛ ትሄዳለህ? አንድ ሰው ነው የቀረህ!" ይለኛል። ሁሉም ይስቃል። ይህን ቀልድ ያልቀለደ ሠርገኛ የለም። ሁሉም ራሱ የፈጠረው ይመስለዋል።

ወንድሜ ግን "አሮጊቷ" ይላት ነበር። ማሽኗን። እንደ ሰው "ዛሬ አሮጊቷ ደክሟታል" ይል ነበር። እኔ በዚህም እበሽቅ ነበር።

ሲታመም የግቢው ሥራ አስኪያጅ "እስኪሻለው ታናሽየው ይተካው" አለ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ሌላ ማንም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሳቂያ ለመሆን ፈቃደኛ ስላልነበረ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። ለመሳቂያነት ዝግጁ ነበርኩ።

ወንድሜ ሥራውን ያስተማረኝ ተኝቶ ነው። ቤታችን ከመገናኛ አልፎ፣ ባለ ሁለት ክፍል ነው። አልጋው ላይ ስድስት ኩባያ ደርድሮ፣ "እነዚህ ባትሪዎቿ ናቸው፤ ወንበሯን ስታነሳ ታገኛቸዋለህ" አለኝ። በክር ኩባያዎቹን አገናኘ። አንዱ ሲደክም ሌሎቹን ይዞ እንደሚወድቅ አንዱን ኩባያ ገፍቶ አሳየኝ። ኩባያው ወድቆ ተሰበረ። እናቴ ከጓዳ "ምንድን ነው?" አለች። "አንድ ባትሪ ነው" አላት።

የነገረኝን በልቤ ይዤዋለሁ። ሣሩ እርጥብ ሲሆን አትንካ። ከሆዷ ሥር የተጋገረውን ሣር በእንጨት ፋቅ፤ በውሃ አትጠባት፤ ኤሌክትሪክ ነው ያላት። ሥራ ስትጨርስ ወዲያው ቻርጅ አድርጋት፤ ባዶዋን አታሳድራት። ውሃ የምትጨምረው ቻርጅ ካደረገች በኋላ ነው፤ በፊት ከሞላሃት ስትሞቅ ትተፋዋለች። ደግሞ ጣቱን አነሣ። ከሁሉም በላይ ለዚህ ነበር የሚቆጣው።

"የቧንቧ ውሃ እንዳታስነካት። ጠብታም ቢሆን።"

"ውሃ ውሃ ነው" አልኩት።

"አይደለም። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ድንጋይ አለ፣ ብረት አለ፣ ሁሉ አለ። ለባትሪ ምንም የሌለበት ውሃ ነው የሚገባው። ከመገናኛ ባትሪ ቤት ነው የማመጣላት። መደርደሪያው ላይ በጀሪካን አለልህ።"

ምንም የሌለበት ውሃ። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ የማኅበር እህት ከገዳም ጠበል ይዛ መጣች። ያንን ጠበል ወንድሜ በፊትም ጠጥቶታል። ቀላ ያለ ነው፤ ምስማር የላሱ ያህል የብረት ጣዕም አለው። ሴትየዋ ገርጂ ስለምትኖር መገናኛ ድረስ ከመሸከም ብላ አምስት ሊትሩን ጀሪካን ግቢው በር ላይ ለዘበኛው ትታ ሄደች። ዘበኛው ለኔ ሰጠኝ። እኔም እስክወጣ ብዬ የዕቃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ፣ ከባትሪው ውሃ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ልወጣ ስል ሁለት ቢጫ ጀሪካን አየሁ። እኩል ናቸው። ያስቀመጥኩት በግራ ይሁን በቀኝ ረሳሁ። ግን አንደኛው ላይ በቀይ ማርከር መስቀል ተሥሎበታል። አላመነታሁም። መስቀል ያለበትን አንሥቼ ተሳለምኩት። በሚኒባስ ታክሲ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት። አንድ እናት መስቀሉን አይታ "ጠበል ነው ልጄ?" አለችኝ። "አዎ" ስላት እሷም ጎንበስ ብላ ተሳለመችው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ እናቴ ለወንድሜ በባዶ ሆዱ ቀዳችለት። ጠጣ። አፉ ውስጥ አቆየው።

"ብረቱ የት ሄደ?" አለ።

"ጠበል እየቀመስክ ነው እንዴ? አማትበህ ጠጣ" አለችው እናቴ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ነበር። ጉልበቷን ያማታል።

"አይ፣ ምንም የለውም ብዬ ነው።" ቀና ብሎ ጀሪካኑን አየ። አዞረው። ቀዩን መስቀል አየ። ከዚያ ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ፤ ሳሉም ሲለቀው እንደገና ሳቀ።

"ተሳልመኸዋል?" አለኝ።

"አዎ። ምን ያስቃል?"

"ምንም። ጎበዝ። ቅዳልኝ።" ሁለተኛውን ኩባያ ጠጣና "እንግዲህ እሷም ትዳን" አለ።

እናቴን ያለ መሰለኝ። ጉልበቷን። እናቴም "አሜን" አለች።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ስለ ቀብሩ አልጽፍም። ከሠልስቱ በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ አገኘኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ነፍስ ይማር። ቅዳሜ ሠርግ አለ" አለ። በአንድ ትንፋሽ። በመሐላቸው አራት ነጥብ እንኳ አላስገባም።

እንግዲህ እኔ ወንድሜን እንዳላሳፍር ብዬ ቆረጥኩ። ሰባት ዓመት ያቆያትን ማሽን በሰባት ሳምንት ልገድላት አልፈለግሁም። ሥራ አስኪያጁ ለሠርግ እንድታምር በጎማ ሊያጥባት ሲመጣ ጎማውን ከእጁ ወሰድኩ። "ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ነው" ስለው "ዝናብስ ያጥባት የለ?" አለኝ። ይህን ያለው ሰው ዲግሪ አለው፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ሁሉን እንደተባልኩት አደረግሁ። ቻርጅ ካደረግሁ በኋላ የባትሪዎቹን ክዳን እየፈታሁ፣ መደርደሪያው ላይ ከቀረው ጀሪካን በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ። በየሳምንቱ አየሁ፣ በጎደለ ቁጥር ጨመርኩ። ክረምት ገብቶ ነበር፤ ሣሩ እንደ ጉድ ያድጋል፤ ማሽኑ ብዙ ይሠራል፣ ብዙ ይጠጣል።

በወሩ ግድም መድከም ጀመረ። ቀድሞ ግቢውን ሁለት ጊዜ የሚዞረው አንዴ ዞሮ ይቆማል። ከዚያ አቮካዶው ዛፍ ድረስ። ከዚያ እዚያም ሳይደርስ።

አንድ በአንድ ፈተሽኩት። ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። ከወንበሩ ሥር ሰው ሲነሳ ማሽኑን የሚያጠፋ ማብሪያ አለ፤ እኔ ቀጭን ስለሆንኩ አልሰማ ብሎኝ ይሆናል ብዬ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ታቅፌ ነዳሁ። ሠርገኛ አልነበረም እንጂ ያን ቀን በእውነት የሚሳቅ ነገር ያገኙ ነበር። አልረዳም። የባትሪዎቹን ጫፎች፣ ሽቦው የሚታሰርባቸውን፣ ነጭ ዱቄት ወርሷቸው አገኘሁ። በሶዳና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥብቄ አሰርኩና ግራሶ ቀባሁ። አንድ ቀን ተሻለው። በማግሥቱ ሣሩ መሐል ላይ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው መስኮት "ምነው ቆምክ?" እያለ ሲጮህ፣ ማሽኑን ገፍቼ አስገባሁት። አብሮኝ የሚገፋ አልነበረም።

እሁድ የወንድሜ ዐርባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጣ። ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። "እንደሱ ያለ ሠራተኛ አይገኝም" ብሎ ለእናቴ ነገራት፤ እናቴ አለቀሰች። ሰኞ ጠዋት ባለሙያ አስጠራ።

ባለሙያው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሥራ አስኪያጁ "ኢንጂነር" አለው፤ እሱም አላስተባበለም። ማሽኑ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስልኩን አውጥቶ ራሱን ፎቶ ማንሣት ነው። ከዚያ ቴስተሩን ባትሪዎቹ ላይ አስነካ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ስድስቱንም።

"ሞተዋል" አለ።

"ሁሉም?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ሁሉም።" ክዳኖቹን ፈታ። በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየና ምላሱን አስጮኸ። "ና እይ። ይታይሃል? ዝገት የመሰለ ቀይ ነገር። ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው። ያውም ከአሮጌ ቧንቧ። ሲጨመርበት የኖረ ነው። በፊት ማን ነበር የሚይዘው?"

ሥራ አስኪያጁ ወደኔ አየ። ከዚያ ወደ ሰማይ አየ። "አርፏል፤ ነፍሱን ይማረው። ትንሽ… ያው፣ ቸልተኛ ነበር።"

"በላዔ ሰብ ነው እንጂ ቸልተኛማ" አለ ኢንጂነሩ እየሳቀ። "ስድስት ባትሪ የበላ!"

ትናንት እንደሱ ያለ አይገኝም ብሎ ነበር። የዐርባው ወጥ ገና ከሆዱ አልወጣም።

"ወንድሜ የቧንቧ ውሃ አያስነካትም" አልኩ። ሳልናደድ ልናገር ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። "ጠብታም አያስነካትም።"

"ወንድም፣ ባትሪ አይዋሽም" አለኝ ኢንጂነሩ። ከዚያ ወረቀት አወጣና ለእትዬ የሚሰጠውን ጻፈ። ከትከሻው በላይ አነበብኩት። "ብልሽቱ የደረሰው ቀድሞ በነበረው ሠራተኛ ጉድለት ነው" ይላል። ጉድለት የሚለውን "ጉድልት" ብሎ ነው የጻፈው።

ለራሱ መልስ የማይሰጥ ሰው ላይ ማሳበብ ቀላል ነው። ወረቀቱ እትዬ ጋ ይደርሳል፤ እትዬ ለሠራተኞቹ ይነግራሉ፤ ሠራተኞቹ ለሰፈሩ። ከወንድሜ የቀረ ሀብት የለም። ጥንቁቅ ነበር መባሉ ብቻ ነው የቀረው። እሱን ሊወስዱበት ነው።

ወደ ዕቃ ክፍሉ ሮጥኩ። ጀሪካኑን አምጥቼ፣ ይኸው ንጹሕ የባትሪ ውሃ፣ ወንድሜ ራሱ ከመገናኛ ያመጣው ብዬ ፊታቸው ልደፋው ነበር። አነሣሁት። ቀሏል፤ ታች ብቻ ትንሽ ቀርቷል። ወደ ብርሃን አወጣሁት። ሥሩ ላይ ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል፤ ስቀዳ ከላይ ያለው ጠርቶ ስለነበር አላየሁትም። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። በጣቴ ቀመስኩት።

ምስማር።

ይዤው ቆምኩ። ምን እንደያዝኩ አውቄአለሁ፤ እንዴት እዚህ እንደቀረ ግን አልገባኝም። መስቀል ያለበትን እኮ ነው ቤት የወሰድኩት። ጠበሉን ነው የወሰድኩት። ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ኢንጂነሩ ለአዲሶቹ ባትሪዎች እንዲሆን ሽቦዎቹ ላይ ምልክት እያደረገ ነበር። ቀይ ማርከር ይዟል። አንዱ ሽቦ ላይ ጋደም ያለ መስመር ሠራ፣ በላዩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር።

"እሱ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ፖዘቲቭ ነዋ። ፕላስ። ትምህርት ቤት አልሄድክም እንዴ?"

ሄጃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሄጃለሁ። ባትሪዎቹን አየሁ። ስድስቱም ላይ፣ በጎናቸው፣ ያው ምልክት አለ። በየሳምንቱ ክዳናቸውን ስፈታ፣ ስዘጋ አይቼዋለሁ። ወንድሜ የባትሪውን ውሃ ከሌላ ጀሪካን ለመለየት የባትሪ ምልክት ሠርቶበት ነበር። በቀይ ማርከር። እኔ ፕላስ ተሳልሜ፣ በታክሲ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሌላ ሰው አሳልሜ፣ ለሚሞት ወንድሜ ወሰድኩ። ጠበሉን ደግሞ ሣር ለሚያጭድ ብረት በየሳምንቱ አጠጣሁ።

እንግዲህ እሷም ትዳን።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴን አይደለም ያለው።

እዚያ ቆሜ ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ኢንጂነሩ ወረቀቱን እያጠፈ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉንም እየናቅሁ ኖሬአለሁ፤ ሠርገኛውን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ። አሁን ከሁሉም የባሰው ማን እንደሆነ አወቅሁ፤ ቢሆንም እነሱን መናቄ አልቀነሰም። በዚያ ላይ ራሴን ጨመርኩበት እንጂ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ጀሪካኑን፣ መስቀሉን፣ ፕላሱን። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ "ቆይ፣ ቆይ… ባትሪውን አስጠመቅከው?" አለ። ኢንጂነሩ ማሽኑን ተደግፎ ተቀመጠ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ጮኸ ወይ? ሲጠመቅ ጮኸ ወይ?" ይለኛል። "ለቅቄ ወጣሁ አለ?"

ሳቁን ሰምተው እትዬ ከቤት ወጡ። ሲነገራቸው አልሳቁም። አማተቡ። "በስመ አብ! ጠበል የገባበት ነገር የትም እንዳይጣል!" አሉ። ኢንጂነሩ የሞቱትን ባትሪዎች ለቆራሌው ሊሰጥ ነበር፤ እትዬ ከለከሉ። ስድስቱ ባትሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ በዕቃ ክፍሉ ማዕዘን ላይ በነጭ ነጠላ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ከወንድሜ ይልቅ እነሱ ተከብረዋል።

"ወረቀቱን ያስተካክል" አልኳቸው ለእትዬ።

"ምን ይለውጣል አሁን?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ያስተካክል።"

እትዬ ለኢንጂነሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ወረቀቱን ዘረጋ። "ቀድሞ በነበረው" የሚለውን ሰረዘ። "አሁን ባለው" ብሎ ጻፈ። እስኪጨርስ ድረስ ከላዩ ቆሜ አየሁት። "ጉድልት"ን አላስተካከለም፤ እሱን ተውኩለት። ለኔ ይበቃኛል።

ሥራው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ተባልኩ። ከዚያ ሰው እስኪያገኙ ተባለ። አላገኙም። አዲሶቹ ባትሪዎች ገብተዋል፤ አሁንም እኔ ነኝ የምነዳው፤ አሁንም መገናኛ ትሄዳለህ ይሉኛል። ኢንጂነሩ ለሰው አውርቶ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ "ዲያቆን" የሚሉኝ አሉ።

ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ጀሪካኑን አስቀምጣዋለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ተጠጥቶም ግማሽ ያህል አለ። ለጉልበቷ በየጠዋቱ አንድ ሲኒ ትጠጣለች፤ ተሽሎኛል ትላለች። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወርድ እውነትም ተሽሏታል። ልነግራት ነበር የመጣሁት። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ነው የመጣሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ተነሥቼ ከፊቷ ቆምኩ። እሷ ቀደመችኝ።

"ፊትህ ጠቁሯል። ወንድምህ የጠጣውን አንተም ጠጣ" አለችና ቀዳችልኝ።

አፌ ውስጥ አቆየሁት። ምንም የለውም። ድንጋይ የለውም፣ ብረት የለውም። ወንድሜ ከመገናኛ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው፣ ምንም የሌለበት ውሃ ነው። እሱ ይህን አውቆ ሁለት ኩባያ ጠጣ።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ቅጂልኝ" አልኳት።